ጡቱ ሞልቶ ማንኪያው ሲጎድል

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ስለ ሕፃናት አመጋገብ ጎን ለጎን ሊነበቡ የሚገባቸው ሁለት ቁጥሮች አሉት። ከስድስት ወር በታች ከነበሩ ሕፃናት ከመቶ 58ቱ የእናት ጡት ብቻ ይጠቡ ነበር። ከ6 እስከ 23 ወር ከነበሩት ግን በምግቡ ዓይነትም በቀን በሚበሉት ጊዜ ብዛትም ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟሉት ከመቶ 7ቱ ብቻ ነበሩ። ቁጥሮቹ የአንድ አገር፣ የአንድ ዘመን እናቶችን የሚመለከቱ ናቸው። በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር መካከል ልጇን መውደድ የምታቆም እናት የለችም። ታዲያ መሐል ላይ ምን ተፈጠረ?

ስለ ሕፃን ምግብ የሚጻፈውን፣ በሬዲዮ የሚነገረውን፣ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ይህን ጥያቄ ይዤ ተከታትዬዋለሁ። ስለ ጡት ብዙ ተናግረናል፤ ደግ አድርገናል። ስለ ማንኪያው የተናገርነው ግን ጥቂት ነው፣ እሱም የተድበሰበሰ። «ስድስት ወር ሲሞላው ተጨማሪ ምግብ ጀምሪ» እንላለን። ምን ያህል የወፈረ፣ ከምን የተሠራ፣ በማን ገንዘብ የተገዛ፣ በማን ጊዜ የበሰለ የሚለውን እናቲቱ ብቻዋን ትወጣው ብለን እንተወዋለን። ጡት ከእናት አካል የሚወጣ ነው፤ ማንኪያው ግን በገበያው፣ በማገዶው፣ በውሃው፣ በአማቷ ቃል፣ በጾሙና በአሠሪዋ እጅ ውስጥ አልፎ ነው የልጁ አፍ የሚደርሰው።

ከመጀመሪያው ሰዓት እንነሳ። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራም ቢጫ እንገር መጠኑ ትንሽ ነው፤ የአራስ ሕፃን ጨጓራም የሚይዘው በአንድ ጊዜ 20 ሚሊ ሊትር አካባቢ፣ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። እንገሩ ከበሽታ የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን አጭቆ ስለያዘ የመጀመሪያ ክትባት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአንዳንድ አካባቢ ግን «ሆድ ያሳምማል» ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ በምትኩ ለጨቅላው ቅቤ ያስውጡታል፣ የስኳር ውሃ ወይም የአብሽ ውሃ ያቀምሱታል። የ2008ቱ ጥናት እንዲህ ከጡት በፊት ሌላ ነገር የቀመሱትን ከመቶ 8 ሆነው አግኝቷቸዋል። በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት የያዙት ደግሞ ከመቶ 73 ናቸው። ይህ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እግር የተገኘ ድል ነው። ባህላችንም አንድ ነገር አስቀድሞ አውቋል፦ አራሷን ገንፎና አጥሚት እያበሉ፣ ከሥራ አሳርፎ ማቆየት። እናት ስትበላና ስታርፍ ጡቱ ይመጣል።

በቀጣዮቹ ወራት ጡት የሚያስጥለው በሽታ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው። «ወተቴ አይበቃውም መሰለኝ» የምትል እናት በየሰፈሩ አለች። ልጁ ማታ ማታ ለቅሶው አላባራ ይላል፣ ጎረቤት «ርቦታል» ይላል፣ ጡጦ ይገዛል። የጡት ወተት የሚመረተው ግን በተጠባው ልክ ነው። ጡጦ የወሰደ ልጅ ያንኑ ያህል ጡት ሳይጠባ ይውላል፣ በማግሥቱ ወተቱ በእርግጥም ይቀንሳል፤ ያልነበረው ችግር እንዲህ ይፈጠራል። ለቅሶ የመጥገብና ያለመጥገብ መለኪያ አይደለም። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ጊዜ ጥሩ አድርጎ ዳይፐሩን የሚያረጥብና ክብደቱ የሚጨምር ልጅ ጠግቧል። ውሃ ይጠማዋል የሚለውም ሥጋት መሠረት የለውም፤ የጡት ወተት ከመቶ 87 የሚሆነው ውሃ ነውና በአፋር ሙቀትም ለስድስት ወር ሕፃን ይበቃል።

በከተማ ያለችዋ ሠራተኛ እናት ፈተናዋ ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት የሚከፈልበት ፈቃድ ይሰጣል። ይህ ከቀድሞው ሕግ የተሻለ ነው። ሆኖም መንግሥት በአንድ እጁ ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቢ እያለ በሌላ እጁ ከዚያ ቀደም ብላ ወደ ሥራ እንድትመለስ ያደርጋታል። ክፍተቱን የሚሞላው የታለበ የጡት ወተት ነው፦ በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ ሲቀመጥ ሞቃት ባልሆነ ቤት ውስጥ አራት ሰዓት፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል፤ ለልጁም በጡጦ ሳይሆን በትንሽ ሲኒ ቢሰጠው ይሻላል። ለዚህ ግን እናቲቱ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ በሩ የሚዘጋ ክፍልና ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋታል። ስንቱ መሥሪያ ቤት አለው? ብዙዎች መጸዳጃ ቤት ገብተው ያልባሉ፤ ብዙዎች ደግሞ ተስፋ ቆርጠው የጣሳ ወተት ይገዛሉ። የጣሳ ወተት ለሚያስፈልገው ልጅ ሕይወት ነው፤ ማንም እናት ልታፍርበት አይገባም። አደጋው የሚመጣው ጣሳው እንዲበረክት ዱቄቱ ሲቀጥን፣ ውሃው ሳይፈላ ሲቀር፣ የጡጦው ጫፍ በደንብ ሳይታጠብ ሲቀር ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 እ.ኤ.አ. የጡት ወተት ተተኪዎች የሚሸጡበትንና የሚተዋወቁበትን መንገድ የሚገድብ ደንብ ያወጣው በዚህ የተነሳ የሞቱ ሕፃናት ስለበዙ ነበር። በ118 ድምፅ ሲጸድቅ ተቃውሞ ድምፅ የሰጠች አንዲት አገር ብቻ ነበረች፤ አሜሪካ።

ከዚህ ጋር ሳይነሳ የማይታለፈው ሌላው ጉዳይ ፀሐይ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ሐኪሙ ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያወጡት ጥናት አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ነው። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲና በካልሲየም እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ተገኘባቸው፤ የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 መካከል ግን 20ዎቹ ብቻ ነበሩ። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ በሚባልላት አገር! ምች እንዳይመታው፣ ዓይን እንዳያርፍበት ተብሎ ተጠቅልሎ ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ ፀሐይ አያገኝም፤ የጡት ወተት ደግሞ በቫይታሚን ዲ ድሃ ነው። ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የሚለው የእናቶች ልማድ ከዚህ አንጻር ትክክል ነው፤ ልብሱ መከፈት አለበት፣ በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ግን አይቆጠርም። በአሜሪካና በአውሮፓ ላሉ እናቶቻችን ክረምቱ ረጅም ስለሆነ ሐኪሞች ከተወለደ ጀምሮ በቀን 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ ያዝዛሉ። «የእኛ ልጅ ምን ጎድሎት?» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው፤ ጠቆር ያለ ቆዳ በዚያ ደካማ ፀሐይ ቫይታሚኑን ለመሥራት የበለጠ ጊዜ ይወስድበታል።

ለምን ስድስት ወር? ለምን አራት አይሆንም? እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት ምክር «ከአራት እስከ ስድስት» ነበር፤ በዚያ ዓመት የዓለም ጤና ጉባኤ ስድስት ወር ላይ አጸናው። የአውሮፓ የሕፃናት የጨጓራ፣ አንጀትና ሥነ ምግብ ሐኪሞች ማኅበር ግን በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው አቋም ከ17 ሳምንት አይቅደም፣ ከ26 ሳምንት አይዘግይ ይላል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከውሃው ምንጭ ነው፤ የቧንቧ ውሃው በማያሳማ ከተማና ውሃው ከወንዝ በሚቀዳ ገጠር በአምስተኛው ወር የሚሰጥ ማንኪያ የሚያደርሰው ጉዳት እኩል አይደለም። ለእኛ ስድስት ወር ትክክለኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ልጁም ራሱ ይናገራል፦ ተደግፎ ይቀመጣል፣ አንገቱን አጽንቶ ይይዛል፣ የሰው እጅ ወደ አፍ ሲሄድ በዓይኑ ይከተላል፣ ማንኪያ ሲገባለት በምላሱ ገፍቶ ማውጣቱን ይተዋል። ከስድስት ወር ማለፍም ዋጋ አለው። በእናቱ ማሕፀን ያጠራቀመው ብረት የሚያልቀው በዚህ ዕድሜ ነው፤ ቀኑ ሳይደርስ ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደው ደግሞ ከዚያም ቀድሞ ያልቅበታል። ብዙ ጊዜ የሚነገረን «አትቸኩሉ» ነው፤ እስከ ስምንትና ዘጠኝ ወር በጡት ብቻ የሚቆየው ልጅ ግን ማንም ሳያየው ይጎዳል።

አሁን ወደ ድስቱ እንምጣ፤ ጉዳዩ የሚበላሸው እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት መካከለኛ መጠን ጡት የሚጠባ የ6 እስከ 8 ወር ልጅ ከማንኪያው በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል፣ ከ9 እስከ 11 ወር ያለው 300፣ ዓመት የሞላው ደግሞ 550 ማግኘት እንዳለበት ያሳያል። 200 ትንሽ ይመስላል። የስምንት ወር ልጅ ሆድ ግን በአንድ ጊዜ ከ240 ሚሊ ሊትር እምብዛም አይዘልም፣ አንድ የውሃ ብርጭቆ ቢሆን ነው። ለልጅ የሚሠራው አጥሚት ብዙውን ጊዜ እንደሚጠጣ ተደርጎ የሚቀጥን ነው። በጣም ከቀጠነ ያንን 200 ለማግኘት ሁለት ሦስት ብርጭቆ መጠጣት ሊኖርበት ነው፤ ልጁ ግን አንዱን ሳይጨርስ ሆዱ ይነፋል፣ ጡቱንም አይፈልግም። እናቲቱ «ጠገበልኝ» ትላለች፤ ውሸቷን አይደለም፣ ሆዱ ሞልቷል። የሞላው ግን ውሃ ነው።

መፍትሔው ገንፎ ነው። ማንኪያ ላይ ሲነሳ ዘንበል ቢደረግ ቶሎ የማይፈስ ከሆነ ወፍሯል። ቀጥሎ የሚመጣው ችግር ደግሞ ወፍራም ገንፎ ልጁ ለመዋጥ የሚቸገርበት መሆኑ ነው፤ እናቶች የሚያቀጥኑትም በስንፍና ሳይሆን ይህን አይተው ነው። እዚህ ላይ ለጠላና ለአረቄ ብቻ የምናውቀው ብቅል ያድናል። አንዲት እናት ምድጃዋ አጠገብ ሆና ስትሠራው ቆሜ አይቻለሁ። የስንዴና የክክ ዱቄት ገንፎዋ ማንኪያ አቁሞ ይይዝ ነበር። ከእሳት አውርዳ ትንሽ በረድ ሲል ከገብስ ብቅል ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ በተነችበትና ማማሰል ጀመረች። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ማንኪያው እየቀለለ፣ ገንፎው እየላላ ሄደ፤ ውሃ ጠብ ሳይልበት ፈሶ የሚጠጣ ሆነ። መልሳ አንድ ጊዜ አንተከተከችውና አቀረበችው። ብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም የስታርቹን ረጃጅም ሰንሰለቶች ቆራርጦ ያላላዋል፤ ጉልበቱ ግን እንዳለ ይቀራል። በየቤቱ ያለ፣ የውጭ ምንዛሬ የማይጠይቅ ዕውቀት ነው። ይህ በየጤና ኬላው ለምን በድስት ተሠርቶ እንደማይታይ ሁልጊዜ ይቆጨኛል፤ በወረቀት የተጻፈ ምክር ገንፎ አያላላም።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም ሲቋቋም ከሠራቸው ነገሮች አንዱ ፋፋ ነበር፦ እህልን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አዋሕዶ፣ ቫይታሚን ጨምሮ። አሳቡ እስከ ዛሬ ትክክል ነው። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፣ ጥራጥሬ ያንን ይሞላል፤ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። የዛሬው የከተማ ምጥን ግን መንገድ የሳተ ይመስለኛል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ማሽላ እየተባለ አሥርና አሥራ ሁለት ዓይነት ሲደባለቅ እናት ልጇን በልዩ ልዩ ምግብ ያሳደገች ይመስላታል፤ ሻጩም በእህሉ ብዛት ዋጋ ይጨምራል። በሥነ ምግብ ቆጠራ ግን እህሎቹ በሙሉ አንድ ምድብ ናቸው። ሁለት እህልና አንድ ምስር ይበቃል፤ ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ ለእንቁላል፣ ለካሮት፣ ለአቮካዶ ይዋል። አጥኚዎቹ «የተለያየ ምግብ» ሲሉ እህልን በሙሉ አንድ ቆጥረው ሌሎቹን ምድቦች ይጨምሩበታል፦ ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ሥጋና አሳ፣ እንቁላል፣ ቢጫ ፍራፍሬና አትክልት፣ ሌላው ፍራፍሬና አትክልት።

ብረት ለብቻው ይነሳ። ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ልጅ በአሜሪካ የሚመከረው በቀን 11 ሚሊ ግራም ነው፤ ለአባቱ የሚመከረው 8 ነው። ይህ የሦስት ሲኒ ሆድ ያለው ፍጡር ከጎልማሳ ወንድ የበለጠ ብረት ይፈልጋል፤ የጡት ወተት ደግሞ በሊትር ግማሽ ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። «ጤፍ ብረት አለው» የሚለው መጽናኛችን እውነት ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በላቦራቶሪ ከፍ ብሎ ከሚታየው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ በእህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባለው ነገር ይዞ አይለቀውም። ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ እንጀራ በዚህ በኩል ካልቦካ የጤፍ ገንፎ ይሻላል። ከሁሉ የሚሻለው ግን በደንብ የበሰለና የደቀቀ ሥጋ ወይም ጉበት ነው። ለልጁ በሳምንት አንዴ የምትደርሰው አንዲት ቁራጭ ጉበት ከብዙ ሰሐን አጥሚት ትበልጣለች። የሥጋውን መረቅ ብቻ አጠጥቶ ሥጋውን ለትልልቆቹ ማስቀረት የተለመደ ነው፤ ብረቱ ግን ሥጋው ውስጥ እንጂ መረቁ ውስጥ አይደለም። ዳቦ በሻይ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ሻይ ከምግብ የሚገኘውን ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል።

እንቁላልን በሚመለከት ሁለት ጥናቶች የተለያየ ውጤት ሰጥተዋል። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢኳዶር ጥናት 163 ሕፃናት ተሳትፈዋል፤ ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜ ጀምረው ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል የበሉት መቀንጨራቸው በ47 ከመቶ ያነሰ ሆነ። ዓለም ተደሰተ። ማላዊ ውስጥ በ660 ሕፃናት ላይ ሲደገም ግን በቁመት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የማላዊዎቹ ልጆች ከመጀመሪያውም አሳ ይበሉ ነበር፣ የቀነጨሩትም ጥቂት ነበሩ። እኔ ከዚህ የምወስደው እንቁላል ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ለማያውቅ ልጅ ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል የሚለውን ነው፤ የእኛ አገር ልጅ በአብዛኛው እንዲያ ነው። ዶሮዋ እዚያው ግቢ ውስጥ ትጭራለች፣ እንቁላሉ ግን ለገበያ ይሄዳል፣ ለዘይትና ለጨው ይመነዘራል። በአንዳንድ ቦታ «እንቁላል የበላ ልጅ ቶሎ አፍ አይፈታም» ይባላል።

ጾምም አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን አታስጾምም፤ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጾምም። ሆኖም በዐቢይ ጾም 55 ቀን እናት ለሕፃኑ እንቁላል ለመጥበስ ድስቱ እንዳይነካ፣ ጎረቤት እንዳያይ ትፈራለች፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ወተትም ያልቃል። በዚህ ላይ ረቡዕና ዓርብ፣ ነነዌ፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት ሲጨመሩ የሕፃኑ የመጀመሪያ ዓመት ግማሹ ገደማ ያልተጻፈለትን ጾም ሲጾም ያልፋል። ለልጁ የተለየች ትንሽ ድስትና አንዲት ማንኪያ መለየት ብዙውን ችግር ይፈታል። ከሁሉ የሚፈታው ግን የንስሐ አባት በሰንበት ትምህርቱ መሐል የሚናገሩት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ካህናቱ ይህን በተናገሩበት ቦታ ምእመናን ከጤና ባለሙያው ይልቅ ይሰሟቸዋል።

ስምንት ወር ገደማ አፉ ይለወጣል። ጥርስ ባይኖረውም ድዱ ያደቅቃል፤ ፍትፍት፣ በሹካ የተፈጨ ድንች፣ ዱባ፣ ሙዝ ይቻለዋል። በዘጠኝ ወር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ትንሽ ነገር ይለቅማል፤ ለስላሳ የድንች ቁራጭ፣ የተቀቀለ ካሮት በእጁ ይያዝ። ብዙ እናቶች እስከ ዓመቱ ሁሉንም በማሽን ይፈጫሉ፤ እንዳያንቀው ፈርተው ነው። በእንግሊዝ ብሪስቶል አካባቢ የተወለዱ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን የተከታተለ ጥናት ግን አንኳር ያለበት ምግብ ከዘጠኝ ወር በኋላ ብቻ የጀመሩት ቆየት ብሎ ምግብ በመምረጥና ባለመብላት ይበልጥ ሲቸገሩ አይቷል። ልጁ ምግብ ወደ ጉሮሮው ሲቀርብ ዓቅ ቢል፣ ዓይኑ እንባ ቢያቀርር መማሩ ነው። መታነቅ ሌላ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ የለውም። ስለዚህ ቆሎ፣ ያልተፈጨ ለውዝ፣ ጥሬ ሽንብራ፣ ያልተቆረጠ ወይን ከሕፃን እጅ ይራቁ። ቡና በሚፈላበት ቤት ቆሎው የሚቀመጠው ዳዴ የሚል ልጅ እጅ በሚደርስበት ረከቦት አጠገብ መሆኑን አስቡት።

ስለ መጋት ልናገር፤ ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ይህ ነው። ሕፃኑ ጉልበት ላይ በጀርባው ይተኛል፣ አንዱ እጁ ይያዛል፣ ከአገጩ ሥር የተሰበሰበ መዳፍ ይሆናል፣ አጥሚቱ ይፈስበታል፣ አፍንጫው ይነካል፤ ልጁ ለመተንፈስ ሲል ይውጣል። ይህን የሚያደርጉት የሚወዱት አያቱ ናቸው፣ ልጅ እንዲወፍርላቸው። ግን ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ልጁም ምግብን ከመታፈን ጋር አዛምዶ ያስታውሰዋል። ሐኪሟ ክላራ ዴቪስ አሜሪካ ውስጥ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. 15 ሕፃናትን በ34 ዓይነት ምግብ ፊት አስቀምጣ የፈለጉትን ብቻ እንዲበሉ ፈቀደች፤ ተንከባካቢዋ ልጁ ራሱ ካላመለከተ ማንኪያ እንዳታነሳ ታዝዛ ነበር። ልጆቹ በጤና አደጉ። ዴቪስ ራሷ ያሳሰበችው ግን አለ፦ የቀረቡት ምግቦች ሁሉ ገንቢዎች ነበሩ፣ ስኳርና ብስኩት አልነበረም። ምን እንደሚቀርብ ወላጅ ይወስናል፤ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ። ጉርሻም ቢሆን ልጁ አፉን ሲከፍት የሚሰጥ ከሆነ ያማረ ነው።

ከስድስተኛው ወር በኋላ ተቅማጥ ይበዛል፤ ጥርስም የሚወጣው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ጥፋቱ በጥርሱ ይሳበባል። በዚህ የተነሳ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርስ የሚያስነቅሉ፣ እንጥል የሚያስቆርጡ ወላጆች አሉ። ደም ይፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ልጁም መብላት ይተዋል። ተቅማጡን ያመጣው ጠዋት ተሠርቶ ከሰዓት በኋላ ድረስ ሞቅ ባለ ቦታ የቆየው አጥሚት፣ ያልታጠበ እጅ ወይም ጡጦው ነው። ምግቡ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበላ፤ ካልሆነ እንደገና ይንተክተክ። የታመመ ልጅ ጡቱም ምግቡም አይከልከል፤ ሲያገግምም ለጥቂት ሳምንታት በቀን አንድ ማዕድ ይጨመርለት።

አጫጭሮቹን አንድ ላይ ላንሳ። ማር ዓመት ሳይሞላ አይቀመስም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ጀርም በሕፃን አንጀት ውስጥ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ያመነጫል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። የላም ወተትን በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. መመሪያው ጡት ለማይጠባ የ6 እስከ 11 ወር ልጅ ይፈቀዳል አለ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ግን ዓመት ሳይሞላ ዋና መጠጥ አይሁን ይላል። ሁለቱም የሚስማሙበት ብረቱ ከሌላ ቦታ መምጣት እንዳለበት ነው። ኦቾሎኒ ማዘግየት አለርጂን ይከላከላል የሚለው የቀድሞ ምክር ደግሞ ተሽሯል። ጥርጣሬው የመጣው እስራኤል ያሉ ልጆች ባምባ የሚባለውን የኦቾሎኒ ብስኩት ከጨቅላነታቸው እየበሉ በእንግሊዝ ካሉት አይሁድ ልጆች ይልቅ በኦቾሎኒ አለርጂ እጅግ ጥቂት ጊዜ ሲያዙ በመታየቱ ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. 640 ሕፃናት የተሳተፉበት ጥናት አረጋግጦታል፤ ቀድመው የቀመሱት ዘንድ አለርጂው በ81 ከመቶ ቀንሷል። ቴል አቪቭም ሆነ አዲስ አበባ፣ የሚሰጠው ተፈጭቶ በገንፎ ውስጥ ነው፤ የሻገተ ለውዝ ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ይጣል።

በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 58 የነበረው የአምስት ዓመት በታች ሕፃናት መቀንጨር በ2008 ወደ 38 ወርዷል። የቀረው የሚከማችበት ዕድሜ የታወቀ ነው፤ ከስድስት ወር በታች ጥቂት ሆኖ ጀምሮ ሁለት ዓመት እስኪሞላ ሽቅብ ይወጣል፣ ከዚያም ወደ ግማሽ ይጠጋል። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ያወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በ2022 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያለውን መቀንጨር እናጠፋለን ይላል። ይህ የሚሆነው በወረዳው ሪፖርት «ምክር የተሰጣቸው እናቶች» የሚለው ረድፍ ስለሞላ አይደለም። አባት ከገበያ ሲመለስ እንቁላሉን ሳይሸጥ ያስቀረ እንደሆነ፣ ሚስቱ ውሃ ስትቀዳ ልጁን የሚያጎርስ ሌላ ሰው በቤቱ ያለ እንደሆነ ነው። ለሕፃን በቀን ሦስት አራቴ ማብሰል፣ ማቀዝቀዝ፣ በትዕግሥት ማጉረስ ሥራ ነው፣ ሰዓት የሚበላ ሥራ። እስካሁን በነጻ የምትሠራው እናት ብቻ ናት።

ዓመት ሲሞላው ከቤቱ ምግብ ይካፈላል፦ ሽሮውም፣ ምስር ወጡም፣ እንጀራውም፤ በርበሬው ሳይገባ በፊት ተቀንሶለት። ግን ከትልልቆቹ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላ እጃቸው ይቀድመዋል፤ የበላውንም ማንም ልብ አይልለትም። የራሱ ሰሐን ይኑረው። ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። በዚህ መሐል እናት ብታረግዝ «ወተቱ ይበላሻል፣ ልጁን ያሳምመዋል» ተብሎ በአንድ ቀን የሚጣል ጡት አለ፤ እሬት ተቀብቶ፣ ልጁ ለአያቱ ተልኮ። ወተቱ አይበላሽም። እርግዝናዋ ጤናማ ከሆነ፣ ምግቧም ከተጨመረላት፣ ማጥባቷን መቀጠል ትችላለች፤ መተው ካለባትም ቀስ በቀስ፣ አንድ አንዱን ሰዓት እየቀነሰች፣ በቀነሰችው ቦታ እንቁላልና ወተት እየተካች።